ደብረ ሲናን በቀን ለመውጣት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በጥቅምት ወር የ62 ዓመት እናቴን ይዤ ወደ ግብፅ ስለምጓዝ የቅድስት ካትሪንን ገዳም ተሳልመን ደብረ ሲናን ለመውጣት አስበናል። ብዙዎች ሌሊት እንደሚወጡ ብሰማም እኛ ቀኑን መርጠናል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ጾመ ጽጌንም ስለምትጾም ውኃ እንኳ ሳልቀምስ እወጣለሁ ትላለች። የተራራው ከፍታም ያሰጋኛል። ምን ትመክሩናላችሁ?
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ ከፍታው አያስጋዎት። የተራራው ጫፍ 2,285 ሜትር ሲሆን ይህም ከአብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ዝቅ ያለ ነው፤ ገዳሙ ራሱ ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሚገኝም ሽቅብ የምትወጡት 700 ሜትር ያህሉን ብቻ ነው።

የሚያሰጋው ድርቀቱ ነው። በበረሃ አየር ላብ ልብስን ሳያርስ ስለሚደርቅ፣ ሰው ከሰውነቱ የወጣውን ውኃ ልብ ሳይል ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፤ ዛፍ የሌለበት የግራናይት ዐለትም የፀሐዩን ግለት መልሶ ፊት ላይ ይለቀዋል። ስለዚህ እናትዎ ያለ ውኃ እንዳይወጡ አጥብቀን እንለምናለን። ጾመ ጽጌ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የፈቃድ ጾም እንጂ ከሰባቱ አጽዋማት የሚቆጠር ስላልሆነ፣ ከጉዞው በፊት የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ መልካም ነው። ለእያንዳንዳችሁ ከ2 ሊትር ያላነሰ ውኃ ያዙ፤ ጥማት ሳትጠብቁም ጥቂት በጥቂት ጠጡ።

መንገዱ ሁለት ነው። 3,750 ያህል ደረጃዎች ያሉት የንስሐ መንገድ አጭር ቢሆንም ድንጋዩ ወጣ ገባ ስለሆነ ለታመመ ጉልበት አይሆንም፤ ቁልቁለቱማ ከዳገቱ ይብሳል። የግመል መንገድ የሚባለው ግን ሰፊና እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ የሚወጣ ነው፤ በእርሱ ወጥታችሁ በእርሱ ብትመለሱ እንመርጣለን። መንገድ የሚመራችሁ የአካባቢው በደዊ (የበረሃው ነዋሪ) ነው፤ ለእናትዎም ግመል መከራየት ይቻላል። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ብትነሡ እያረፋችሁም በሦስት ሰዓት ያህል ትደርሳላችሁ፤ ፀሐዩ ሳይበረታም መመለስ ትጀምራላችሁ። ጋቢ አይቅርባችሁ፤ በጥቅምት ማለዳው ይበርዳል፣ ጫፉ ላይም ነፋስ አለ።

ግመሉ ግን እስከ ጫፍ አያደርስም። ሁለቱ መንገዶች ከሚገናኙበት፣ የነቢዩ ኤልያስ ቦታ ከሚባለው ሜዳ በላይ ሁሉም በእግሩ 750 ያህል ደረጃዎች ይወጣል። በዚያ ሜዳ ያረጀ የጥድ ዛፍና በኤልያስ ስም የተሠራ ትንሽ ጸሎት ቤት አለ። የእናትዎ ጉልበት እምቢ ካለ፣ ነቢዩ ተጠልሎበታል በሚባለው በዚህ ስፍራ በጥላው ተቀምጠው ይጸልዩ፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑም መሪውን ከእርሳቸው ጋር ይተዉት። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ እርስዎ አይጠፋብዎትም።