ዋጋው ሲወርድ ምክንያቱን ጠይቁ

ባሕር ዳር ኢኮኖሚክስ ለምትማሩም፣ ንግድ ለጀመራችሁም ልጆቼ፤

ዕድሜዬን የጨረስኩት በአስመጪነት ሥራ ነው። ጣና ዳር ተቀምጦ ስለ ውቅያኖስ መርከብ ማውራት ሩቅ ይመስላል። ግን የሜጫ ገበሬ ማዳበሪያም፣ የባጃጃችን ቤንዚንም ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው።

ለንደን ያለው ባልቲክ ኤክስቼንጅ የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰልና እህል የሚጭኑ መርከቦችን ኪራይ ተከታትሎ ባልቲክ ድራይ የሚባል ቁጥር ያወጣል። እኔ ይህን ቁጥር አከብረዋለሁ። የሚጭነው ዕቃ ሳይኖረው መርከብ የሚከራይ የለማ! በ2008 እ.ኤ.አ. ሜይ ላይ ከ11,000 በላይ ነበር፤ ዲሴምበር ላይ ከ700 በታች ወረደ። የፋብሪካዎች ገበያ ቀዝቅዞ፣ ባንኮችም ኤልሲ፣ ማለትም ለሻጩ ገንዘቡን እንከፍላለን የሚል የባንክ ዋስትና፣ ለመክፈት ፈርተው ነበር። ያኔ ቁጥሩ እውነተኛ የበሽታ ምልክት ነበር።

በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ 290 ደረሰ፤ ከ2008ቱም ባሰ። የዓለም ኢኮኖሚ ግን እንደዚያን ጊዜ አልተንኮታኮተም። የቻይና ፍላጎት መቀዝቀዙ እንዳለ ሆኖ፣ ኪራይ በተወደደበት ዘመን የታዘዙት መርከቦች ተሠርተው ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር።

ነዳጅም እንደዚሁ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የድፍድፍ በርሜል በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች የገባው በዋናነት አቅርቦት ስለበዛ ነው፤ አሜሪካ ብዙ አወጣች፣ የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር የሆነው ኦፔክም ምርቱን አልቀንስም አለ። በኤፕሪል 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ከዜሮ በታች የወረደው ግን ዓለም በኮሮና ቤቱ ስለተዘጋበት ነው። የመጀመሪያው ለእኛ ዓይነቱ ገዢ አገር እፎይታ ነው፤ ሁለተኛው ደንበኞቻችን መታመማቸውን ይናገራል።

ሲወደድም ያው ነው። ባጃጅ በጥምቀት የሚወደደው ሰው ስለበዛ ነው፤ ቤንዚን ሲጠፋ የሚወደደው ግን ባጃጅ ስለጠፋ ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የኮንቴይነር ኪራይ የጨመረው ገበያ ደርቶ አይደለም። ቀይ ባሕር ላይ ጥቃት ሲበዛ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ መዞር ስለያዙ ነው።

አንድ ነገር አደራ፤ ማደያ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አይታችሁ ስለ ዓለም ገበያ አትፍረዱ። የእኛን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ነው፤ ብሩም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ነው የሚመነዘረው። ዓለም ላይ ነዳጅ ረክሶ እዚህ ሊወደድ ይችላል። ዕቃ ልታዝዙ ስትሉ የመርከብ ኪራዩን፣ የድፍድፉን ዋጋና የዶላሩን ምንዛሪ ለየብቻ ጻፉ፤ ከየአንዳንዱም ጎን ለምን እንደተለወጠ።