የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሥራዬን አላጓደልኩም፤ ሰክሬ ሰው ፊት ቀርቤም አላውቅም። ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ በየማታው እጠጣለሁ። ጠርሙሱን የማስቀምጠው ከልብስ ሳሙናው ጀርባ ነው። ባዶውን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ከቤት ርቄ እጥለዋለሁ። አሁን አሁን ጠዋት ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጄ አይታኝ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «በርዶኝ ነው» አልኳት። ያን ቀን ለማቆም ወሰንኩ፤ ብቻዬን ግን አቃተኝ። ሰፈራችን አቅራቢያ የሚሰበሰብ የድጋፍ ቡድን እንዳለ ሰምቼ ሄድኩና ከደጅ ተመለስኩ። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ? ተነስተሽ ተናገሪ ቢሉኝስ? ለእኔ የሚሆን ቡድን መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

ስሜ ይቆይ

እህቴ፣

ስለ ቡድኑ ከማውራታችን በፊት እጅሽን አስቀድማለሁ። ጠዋት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ሰውነትሽ መጠጡን ለምዶ ሲጎድልበት እየታመመ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም፣ በሰዓታት ውስጥ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል። አንዳንዱን በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ያንዘፈዝፈውና ይጥለዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አካባቢ የሚቃዥ፣ የሌለ ነገር የሚያይም አለ፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂጂ። የምትጠጪውን ልክ ሳትቀንሺ ንገሪው፤ እስከዚያ ድረስ በራስሽ ውሳኔ በአንድ ጊዜ አታቋርጪ። እንደ ናልትሬክሶን ያሉ የመጠጥ አምሮትን የሚያበርዱ መድኃኒቶች እንዳሉም ጠይቂው። አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው «ቆርጬ ተውኩት» ማለትን እንደ ጀግንነት ስለሚቆጥረው ነው።

አሁን ወደ ደጁ እንመለስ። እዚያ የምታገኚው የሚያውቅሽ ሰው እሱም ለዚያው ጉዳይ ነው የመጣው። በብዙ አገሮች የሚሰበሰበው አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ ወይም ኤኤ፣ ስም አለመግለጥን ከዋና ደንቦቹ አንዱ አድርጎታል። ውስጥ የታየው ሰውም የተሰማው ታሪክም ውጭ አይወራም። ከፈለግሽ ሌላ ስም መጠቀም ትችያለሽ። ስብሰባዎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። «ክፍት» የሚባለው ላይ ቤተሰብም፣ ተማሪም፣ ማንም ገብቶ ያዳምጣል። «ዝግ» የሚባለው ግን መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ለአንቺ ዝጉ ይሻላል። ከሰፈርሽ ራቅ ያለ ቡድን መምረጥም ነውር የለውም፤ ወይም በስልክሽ በኢንተርኔት ስብሰባ ጀምሪ።

ተናገሪ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም። ተራሽ ሲደርስ «ዛሬ ማዳመጥ ነው የምፈልገው» ብትይ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋሉ። መመዝገቢያ የለም፣ ክፍያ የለም፤ መዋጮም በፈቃድ ነው።

እንዴት ታገኚዋለሽ? ሐኪምሽን፣ የሆስፒታሉን የአእምሮ ጤና ክፍል ወይም የሱስ ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል ጠይቂ። ከመሄድሽ በፊት ደውዪላቸው። ስብሰባው ዝግ ነው? ሌሎች ሴቶች አሉ? የሴቶች ብቻ የሆነስ አለ? ለእናት ደግሞ ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ልጆችሽን የምታስተኚበት ሰዓት ላይ የሚሰበሰብ ቡድን የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይዘልቅልሽም።

በአንድ ቀን አትፍረጂ። አንዱ ቡድን ይቀዘቅዝብሻል፣ በሌላው አንድ ሰው ብቻውን ሰዓቱን ይጨርሰዋል። ጥቂት ጊዜ ሂጂ፣ ካልጣመሽ ቀይሪ። ኤኤ «ከእኔ የሚበልጥ ኃይል» እያለ መንፈሳዊ ቃል ይጠቀማል። ያ የማይመቸው ሰው ስማርት ሪከቨሪን የመሰለ፣ በአስተሳሰብና በልማድ ለውጥ ላይ የሚሠራ ቡድን መሞከር ይችላል። የኤኤ መንገድ ግን ወግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ 27 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ ኤኤና ወደ ኤኤ የሚያስገቡ ሕክምናዎች ሰዎችን ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ በማራቅ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደሚሻሉ አሳይቷል።

ከአንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ሐኪም ያዘዘልሽን መድኃኒት ጣዪ የሚልሽ፣ ገንዘብ የሚጠይቅሽ፣ ወይም አዲስ መሆንሽን አይቶ ከልክ በላይ የሚቀርብሽ ወንድ ካለ ወዲያው ራቂ። ስፖንሰር የሚሉት፣ ከአንቺ ቀድሞ ያቆመ አጋዥ አለ፤ ያንቺ ሴት ትሁን።

ኤኤ የተጀመረውም በስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል መጠጥ ያቆመ ነጋዴ፣ አክረን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ሥራው ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ቆሞ ነበር። የሆቴሉ ባር እየሳበው፣ እንደ እሱ በመጠጥ የተቸገረ ሰው እንዲያገናኙት ወደ አብያተ ክርስቲያናት መደወል ጀመረ። በዚያ ስልክ ቦብ ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር ተገናኙ። እና አንቺም ከስብሰባው ስትወጪ የሁለት ሦስት ሴቶች ስልክ ያዢ። ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ጠርሙሱን ከመክፈትሽ በፊት ደውዪ። ከፍተሽ ጠጥተሽ ከሆነም በማግስቱ ሄደሽ ተቀመጪ፤ አያባርሩሽም።