እናቴ «ጫካ አላድርም» አለች፤ ዩርት ያዋጣኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምንኖረው ሲያትል ነው። ሁለቱ ልጆቼ በዚህ ሰመር ካምፒንግ ካልሄድን ብለው ቁም ስቅሌን አሳዩኝ። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ድንኳን ሲባል ስትሰማ «አሜሪካ ድረስ የመጣሁት መሬት ላይ ልተኛ ነው?» አለች። ባለቤቴ ካናስካት-ፓልመር ስቴት ፓርክ ዩርት አለ ይለኛል። ለመሆኑ ምንድን ነው? እሷን ይዤ ብሄድ አላፍርም?

መልስ፦ አታፍሪም እህቴ። ግን ሁለት ነገር አስቢበት፤ ሽንት ቤትና ቡና።

ዩርት የሞንጎሊያና የመካከለኛው እስያ ከብት አርቢዎች ክብ ቤት ነው። የፓርኩ ዘመናዊው ዓይነት ነው፤ ወለል፣ የሚቆለፍ በር፣ መብራትና ማሞቂያ አለው። እኔም ከአማቴ ጋር ሄጄ አድሬበታለሁ፤ እሳቸው ገና ሲገቡ ቀና ብለው ምሰሶውን ፈለጉ። ክብ ቤት ያለ ምሰሶ! ግድግዳው እንደ ፍርግርግ የተጠላለፈ እንጨት ነው፤ የጣሪያው እንጨቶች አናት ላይ አንድ ቀለበት ውስጥ ይገጥማሉ፣ በታችኛው ጫፋቸው ደግሞ የግድግዳውን አናት ዙሪያውን የሚያስር የብረት ገመድ ወደ ውጭ እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። ቀለበቱ ላይ ብርሃን የሚያስገባ ጉልላት አለ። አማቴ እሱን ሲያዩ ያደሩ ይመስለኛል።

አምስት ሰው ያስተኛል፣ ለእናንተ ልክ ነው። ለእናትሽ የተደራራቢውን አልጋ ታችኛውን ስጪያቸው፣ ሰፋ ይላል። ፍራሽ አለ፤ አንሶላ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ግን ከቤት ነው። እኔ ይህን ሳላነብ ሄጄ በጃኬት ተጠቅልዬ አደርኩ፤ ጋቢ ይዘው የመጡት አማቴ ብቻ ደህና ተኙ።

ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ ትንሽ ያስኬዳል። የእናትሽ ጉልበት ደህና ከሆነ ጥሩ ባትሪ ይበቃል። ካልሆነ ፖፖ ያዢ። አትሳቂ፣ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ታመሰግኚኛለሽ።

ወደ ቡናው ስንመጣ፣ ውስጥ ማብሰል ክልክል ነው፤ ከሰልማ ጨርሶ አይታሰብም። «ትንሽ ፍም ናት፣ በር ከፍተን» እንዳትይ፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ነው የሚወስዳችሁ። ደጅ ጠረጴዛና የእሳት ቦታ ስላለ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዘሽ እዚያ ቁዪ፣ ጀበናውንም እዚያው ጣጂ። ደረቅ በሆነ ሰመር እሳት ሊከለከል ይችላል፣ ከሰልም ጭምር፤ ስትደርሺ ማስታወቂያውን እዪ። ማገዶም ከቤት አትጫኚ፣ ተባይ ያዛምታል፤ እዚያው አካባቢ ይገዛል።

ልጆቹን ከወንዙ ጠብቂ። ግሪን ሪቨር እዚያ ጋ ሲያዩት ያምራል እንጂ ቀዝቃዛና ፈጣን ነው፣ ልምድ ያላቸው ጀልባ ቀዛፊዎች በድንጋይ መሃል ለሚናጠው ውሃ ብለው የሚመጡበት ነው። ለዋና አትቁጠሪው።

ቦታ የሚያዘው እስከ 9 ወር ቀድሞ ስለሆነ የሰመር ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ያልቃል። ማክሰኞና ረቡዕን ሞክሪ። የላይኛው አልጋ ደግሞ የአንድ ሰው ነው፤ ማን እንደሚተኛበት ልጆቹን ከቤት ሳትወጪ አስታርቂያቸው።