ቀበሮም ጦጣም ቤት ማሳደግ ለምትመኙ ልጆቼ

ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ እዚህ ሀዋሳ በእንስሳት ሕክምና ብዙ ዘመን የሰራሁ ሰው ነኝ፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሰፈር ውስጥ ላም ምጥ ሲጠናባት ውሻ ሲመረዝ በሬን ሚያንኳኳ ሰው አላጣም። ድሮ ወጣቶች መጥተው ሚጠይቁኝ ስለ ውሻ ነበር፣ ምን ላብላው፣ መቼ ይከተብ ምናምን። አሁን ግን ስልካቸውን አውጥተው ቲክቶክ ያሳዩኛል፣ ሶፋ ላይ የተኛ ቀበሮ፣ የዱባይ መኪና ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ አቦሸማኔ፣ ዳይፐር የታሰረላት ጦጣ፣ ከዛ "ዶክተር እነሱ በስንት ዶላር ሚገዙት እኛ አገር እኮ ሜዳ ላይ ነው ያለው፣ ለምን አናሳድግም?" ይሉኛል። እንስሳ ሚወድ ልጅ ሳይ ደስ ይለኛል፣ ልቡን መስበርም አልፈልግም፣ ስለዚህ "አይሆንም" ብዬ ብቻ ከመመለስ ለምን እንደማይሆን በደንብ ላስረዳችሁ።

ቪዲዮው ላይ ምታዩት ለማዳ ቀበሮ ውሸት አይደለም፣ አለ። በፈረንጆቹ 1959 ሳይቤሪያ ውስጥ ኖቮሲቢርስክ አካባቢ ዲሚትሪ ቤልያዬቭ ሚባል የጄኔቲክስ ሳይንቲስት ከሉድሚላ ትሩት ጋር ሆኖ አንድ ሙከራ ጀመረ። የተነሱት ከጫካ ከተያዘ ቀበሮ አይደለም፣ ለፀጉሩ ተብሎ እርባታ ጣቢያ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ከቆየ ዘር ነው፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ግልገሎቹ ሰው ምግብ ይዞ እጁን ሲዘረጋላቸው ምን እንደሚያደርጉ እያዩ፣ ሚነክሰውንና ሚሸሸውን እየተዉ፣ ሰው በጣም ማይፈሩትን ጥቂቶች ብቻ እየመረጡ አዳቀሉ። ማሰልጠን ሚባል ነገር የለም፣ ሆን ብለው ከሰው ጋር ብዙ እንዳይገናኙ አርገው ነው ያሳደጓቸው፣ ምክንያቱም ፀባዩ በዘር የመጣ እንጂ በልምድ የመጣ እንዳልሆነ እርግጠኛ መሆን ነበረባቸው። ቀበሮ ደግሞ ምትወልደው በዓመት አንዴ ነው። አራተኛው ትውልድ ላይ ሰው ሲያዩ ጭራቸውን ሚቆሉ ግልገሎች ብቅ አሉ፣ አስረኛው ትውልድ አካባቢ ጆሮው ሚንጠለጠል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ጭራው ሚጠቀለል መጣ፣ ያም ሆኖ አስረኛው ትውልድ ላይ እጅግ ለማዳ ከሚባለው ምድብ የገቡት ከመቶ 18 ብቻ ነበሩ፣ ሃያኛው ላይ 35። ቤልያዬቭ በ1985 ሞተ፣ ሥራውን ትሩት ቀጠለችበት፣ በመጀመሪያዎቹ 40 ዓመታት ብቻ ወደ 45,000 ቀበሮ በዚህ ምርጫ አልፏል።

ይሄን ሁሉ ማወራችሁ አንድ ነገር እንድታዩልኝ ነው። አንድን ግልገል ማቀፍና ማልመድ አንድ ጉዳይ ነው፣ ዘሩን ማላመድ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው በአንድ ሰው ዕድሜና ፍቅር ሚሰራ አይደለም።

ከዛ ሙከራ ከተገኘው ሁሉ ለኔ ትልቁ ጆሮውም ቀለሙም አይደለም፣ የፍርሃት ሰዓት ነው። ማንኛውም ግልገል አይኑ ከተገለጠ በኋላ ያየውን ሁሉ "የኔ ነው" ብሎ ሚቀበልበት አጭር ጊዜ አለው፣ ከዛ በሩ ይዘጋና አዲስ ነገር ሁሉ ጠላት ይሆናል። ባልተመረጠው የእርባታ ቀበሮ ላይ ይሄ በር ሚዘጋው 45 ቀን ገደማ ላይ ነው፣ ለማዳ በተደረጉት ላይ ግን ወደ 60 ቀንና ከዛ በላይ ተገፍቷል። እንግዲህ አስቡት፣ አንድ እረኛ ከጉድጓድ ያወጣውን የቀበሮ ግልገል ስትገዙት ምታዩት ሚያሳዝን ሚልሳችሁ ነገር ነው፣ "ለመደኝ እኮ" ትላላችሁ። አልለመዳችሁም፣ ገና ሕፃን ነው።

አንድ ልጅ የቀበሮ ግልገል በካርቶን ይዞ ክሊኒክ መጥቶ ነበር። እንዳሳደገው ያስታውቃል፣ ሹራቡን አልብሶታል፣ ሰው ፊት ሲያወጣው ግን ከካርቶኑ ጥግ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። የፊት እግሮቹ እንደ ቀስት ጎብጠዋል፣ ሲራመድ በእጁ መዳፍ ሳይሆን በአንጓው ነው ሚረግጠው፣ ጎድኑን በጣቴ ስዳስስ ጫፍ ጫፉ ላይ እንደ መቁጠሪያ ጉብ ጉብ ብሏል። ምን ታበላዋለህ ስለው ኩራት በተሞላ ድምፅ "ሥጋ ብቻ ዶክተር፣ ንጹህ ቀይ ሥጋ፣ አጥንት ይወጋዋል ብዬ አልሰጥም" አለኝ። ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል፣ ሰውነቱ ካልሲየም ሲያጣ ከራሱ አጥንት ላይ መዝረፍ ይጀምራል፣ ግልገል ሲሆን ደግሞ አጥንቱ ገና እየተሰራ ስለሆነ ይጎብጣል ከዛ ይሰበራል። ዱር ላይ ቢሆን እናቱ አይጥ ከነአጥንቱ ከነፀጉሩ ታመጣለት ነበር፣ አንበጣውም ፍራፍሬውም አለ። ልጁ ከኪሱ አውጥቶ፣ ምሳውን ትቶ ነው ሥጋ ሚገዛለት የነበረው፣ ፍቅር አላነሰውም። ያጠረው ፍቅር ሊተካው ማይችል ነገር ነው።

ከሩሲያ ሩቅ ነው ካላችሁ የራሳችንን ጥርኝ ተመልከቱ። ጅማና ሊሙ አካባቢ ጥርኝን ለዝባዱ፣ ማለትም ከዕጢው ለሚወጣው ሽታ ያለው ቅባት ብለው፣ በጠባብ የእንጨት ጎጆ ሲያኖሩ ዘመናት አልፈዋል፣ ዝባዱ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ወደ ውጪ ሲላክ የኖረ፣ ለሽቶ ሥራ ሚፈለግ ውድ ዕቃ ነው። ያን ያህል ዘመን ሰው እጅ ውስጥ ኖሮ ጥርኝ ለማዳ ሆነ እንዴ? አልሆነም። ጎጆ ውስጥ ስለማይራባ ዛሬም በወጥመድ ከጫካ ነው ሚያዘው፣ ዝባዱን ለማውጣትም ሰዎች ተረዳድተው አጥብቀው ይዘውት ነው፣ አንዱ ሲሞት ሌላ ይያዛል። እንስሳ መታሰሩ ብቻ ለማዳ አያደርገውም፣ ይሄን ከኛ ከኢትዮጵያውያን በላይ ሊያውቅ ሚገባ ሕዝብ የለም፣ አህያን እኮ ለዓለም ያላመደው ይሄ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ነው፣ ከ7000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የዱር ዘመዱ ግን እስከዛሬ አፋር በረሃ ላይ ከሰው ሲሸሽ ይኖራል።

ወደ ጦጣ ልምጣ፣ እዚህ ሀዋሳ ዋናው ችግር እሱ ስለሆነ። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ ስትበሉ፣ ሃይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች ግቢ ውስጥ፣ ጦጣውም ጉሬዛውም አጠገባችሁ ነው ያለው፣ ልጆች ሙዝ ይሰጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ደስ ይላል። ከዛ አንዱ ግልገል ይዞ ይሄዳል። ግልገሏን ለመያዝ ብዙ ጊዜ እናቷ መደብደብ ወይ መሞት አለባት፣ ምክንያቱም ጦጣ ልጇን በፈቃዷ አትለቅም፣ ይሄን ሻጩ አይነግራችሁም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሰላም ነው፣ ትከሻ ላይ ትወጣለች፣ ፀጉር ትፈትሻለች። ሦስት አራት ዓመት ሲሞላት ግን ትጎለምሳለች፣ ጦጣ ደግሞ ኑሮዋ ሁሉ ማን ከማን ይበልጣል ነው፣ እና ቤት ውስጥ ደካማ ብላ ምታስበውን መንከስ ትጀምራለች፣ ማለትም ትንሹን ልጅ፣ ሠራተኛዋን፣ አያትን። የወንዱ ክራንቻ ረጅም ነው፣ የልጅ ፊት ላይ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፣ አልዘረዝረውም። ከዛ በኋላ ወገቧ ላይ ገመድ ይታሰራል። ገመዱ አያድግም እሷ ግን ታድጋለች፣ ሲባጎው ቆዳዋ ውስጥ ሰምጦ ሥጋ ሸፍኖት በመቀስ ቆርጬ ያወጣሁበት ጊዜ አለ፣ ሽታው ራሱ ከክፍሉ ቶሎ አልወጣም። ጦጣ ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች ልጆቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ፣ ሥራ ሌላ ከተማ ስታገኙ፣ ስታገቡ፣ እናታችሁ ናት ከገመዱ ጋር ምትቀረው። በሽታም ከኛ ወደነሱ ይሄዳል፣ የሰው ቲቢ ጦጣን ይይዛል፣ እኛ በከንፈራችን ጫፍ ምናወጣው ቁስል ሳይቀር አንዳንዱን የጦጣ ዘር ይገላል።

ስለ በሽታ ካነሳሁ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሳልናገር አላልፍም፣ እባካችሁ ይሄን ደጋግማችሁ አንብቡት። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ሆነ እንስሳ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ ሲነክስ ውሻውን 10 ቀን አስረን እናየዋለን፣ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰ ሰዓት በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ይሄ ለቀበሮ፣ ለጥርኝ፣ ለጦጣ አይሰራም፣ ቫይረሱ ምልክት ሳይታይ ምራቃቸው ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ በዛ ልክ አልተረጋገጠም። ለውሻ ተብሎ የተሰራው ክትባትም ለነሱ ተፈትኖ የተፈቀደ ስላልሆነ "አስከትቤዋለሁ" ብላችሁ አትተማመኑ። ከነከሳችሁ ወይ ከቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና ሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዛ ቀጥታ ጤና ተቋም፣ ቅጠል የለም፣ ነገ እሄዳለሁ የለም።

ነገሩ በተቃራኒውም ያሳዝነኛል። ከሻሸመኔ በዶዶላ አርጋችሁ ባሌ ስትወጡ ሳነቴ ላይ ምታገኙት ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ የቀረው ጎልማሳ ከ500 አይበልጥም፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ እዛው ባሌ ነው። የጨረሰው አዳኝ ብቻ አይደለም፣ ከሰው ውሾች የተላለፈ ይሄው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ በፈረንጆቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እየተመላለሰ ቤተሰብ ሙሉ ጠርጎ ወስዷል። እዛ ያለ ገበሬ ውሻውን ማስከተቡ ለቀይ ቀበሮ ሚሰራው ሥራ፣ ሺህ ሰው ቪዲዮ ላይክ ከሚያደርገው ይበልጣል።

አቦሸማኔውንስ? ዱባይ መኪና ውስጥ ያያችሁት ከየት የሄደ ይመስላችኋል፣ ብዙው ከኛ ምሥራቅና ከሶማሌ ምድር ነው፣ ግልገሎቹ በጆንያ ተይዘው በሶማሌላንድ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፣ መንገድ ላይ ሚሞተው ብዙ ነው፣ እናቱ ጋር ግን ዓመት ከመንፈቅ ገደማ መቆየት ነበረበት። ከተረፉት ብዙዎቹ ሃርጌሳ አካባቢ ባለ ማገገሚያ ውስጥ ሰው እያበላቸው ይኖራሉ፣ አደን ስላልተማሩ መመለሻ የላቸውም። ኤምሬትስ ራሷ በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ አደገኛ እንስሳ በግል ቤት ማሳደግን በሕግ ከልክላለች፣ እናንተ ምታዩት ቪዲዮ ብዙው የድሮ ነው ወይ የተደበቀ ነው። እኛም አገር የዱር እንስሳት አዋጅ አለ፣ ካለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ ወንጀል ነው፣ "አላውቅም ነበር" ደግሞ አያድንም።

እንስሳ መውደድ ግን ይዞ መቆለፍ ብቻ አይደለም። ሐረር ላይ ጅብ ሚያበሉትን ሰዎች አስቡ፣ ጅቡ ማታ ይመጣል፣ ከአፋቸው ሥጋ ይወስዳል፣ ይሄዳል፣ ማንም ቤቱ አላሰረውም። እዚሁ አሞራ ገደልም አባ ኮዳው ዓሣ አጥማጁ ሚጥለውን አንጀት ቆሞ እየጠበቀ ከሰው ጋር ይኖራል፣ የማንም አይደለም። ካሜራ ይዛችሁ ጠዋት ሃይቁ ዳር ብትቀመጡ ከስንቱ ቲክቶክ ሚሻል ነገር ታገኛላችሁ። በእጄ ልዳስሰው፣ ልንከባከበው ምትሉ ደግሞ ሰፈራችሁ ውስጥ ሰው ሚፈልግ እንስሳ ሞልቷል። የጋሪ ፈረሶቹን እዩ፣ ጀርባቸውና ደረታቸው በማሰሪያው ተልጦ ሚሰሩትን፣ ባለቤቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ከማሰሪያው ስር ለስላሳ ጨርቅ ማድረግ ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው። የጎዳና ውሾቹን እዩ፣ ሰፈር ተባብሮ ማስከተብ ይቻላል። ፍላጎታችሁ የእውነት ከሆነ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪያችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ይሄ አገር ያለው ከብት ብዛትና ያለው ሐኪም ብዛት አይመጣጠንም።

አሁን ይሄን እያነበባችሁ ቤታችሁ ውስጥ አንዱ ካለ፣ አልቆጣችሁም። ግን ወስዳችሁ ሃይቅ ዳር ወይ ታቦር ተራራ ላይ አትልቀቁት፣ አደን አያውቅም፣ ሰው ስለማይፈራ ሰው ቤት ይገባል፣ በድንጋይ ይሞታል ወይ ልጅ ይነክሳል። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይ እዚሁ ላለው የአካባቢ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፣ ሆለታ አካባቢ ያለው የቦርን ፍሪ እንሰሳ ኮቴ ከሰው ቤት የተወሰዱ አንበሳና አቦሸማኔ ሳይቀር ተቀብሎ ሚንከባከብ ቦታ ነው፣ ዱር መመለስ ማይችሉት እዛው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። እስኪወሰድ ድረስ ከውሻና ከልጆች ለዩት፣ ጨለም ያለ ጸጥ ያለ ክፍል ስጡት፣ እያቀፋችሁ አታስጨንቁት፣ የት እንደተያዘ፣ መቼ፣ ምን ሲበላ እንደቆየ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ተቀባዩ ሐኪም መጀመሪያ ሚፈልገው እሱን ነው። ሰው ነክሶ ከሆነ ግን ስልኩም ወረቀቱም ይቆይ፣ መጀመሪያ ሳሙናና ውሃ፣ ከዛ ጤና ጣቢያ።