አይጥ በማን ጀልባ ባሕር ተሻገረች?

ጥያቄ፦ ጅማ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከየትኛውም አህጉር እጅግ በራቁ የፓስፊክ ደሴቶች ላይ አንድ ዓይነት አይጥ እንዳለች ለተማሪዎቼ ስነግራቸው «ዋኝታ ነው የደረሰችው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ተሳፍራ ነው ይበሏቸው። የፓስፊክ አይጥ የምትባለው ዝርያ ዋና ላይ ደካማ ናት፤ ጥቂት መቶ ሜትር ባሕር ያግዳታል። ክብደቷም ከ40 እስከ 100 ግራም ገደማ ነው። መነሻዋ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲሆን ሃዋይ፣ ኢስተር ደሴትና ኒው ዚላንድ የገባችው ከፖሊኔዥያ ባሕርተኞች ጋር በታንኳ ነው። የኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ኪዮሬ ይሏታል፤ ያጠምዷትና ይበሏትም ነበር። ስለዚህ ሆን ተብላ ተጫነች ወይስ ስንቅ ውስጥ ተሸሽጋ ገባች የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

ለክፍል የሚሆን ጥሩ ማስረጃ የተበላ ዘር ነው። አይጥ የዘር ቅርፊት ስትፈለፍል የፊት ጥርሶቿ ጎን ለጎን የተሰመሩ ጠባብ ቦዮችን ትተው ያልፋሉ። ሰው ከመግባቱ በፊት ኒው ዚላንድ ከሌሊት ወፍ በቀር የየብስ አጥቢ አልነበራትም፤ ስለዚህ ያንን ምልክት በሌላ እንስሳ ማሳበብ አይቻልም። ረግረግ ውስጥ ተቀብረው የቆዩ እንዲህ ያሉ ዘሮች ዕድሜያቸው በራዲዮካርበን ሲለካ ቀደምቶቹ እ.ኤ.አ. ከ1280 አካባቢ ወዲህ ሆነው ተገኙ። አይጧ ያለ ሰው አትደርስምና ቀኑ የሰዎቹም መድረሻ ሆኖ ይቆጠራል። የአይጦቹን ዘረመል (ዲ.ኤን.ኤ.) ከደሴት ደሴት እያነጻጸሩ የባሕርተኞቹን መንገድ የተከተሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

ጉዳቷ የከፋው ደሴቶቹ መሬት ላይ እየተራመደ እንቁላል የሚለቅም አጥቢ ስለማያውቁ ነው። ወፎቹ መሬት ላይ ይፈለፍላሉ፤ ቱአታራ የተባለው ጥንታዊ ተሳቢ እንስሳም እንቁላሉንና ጫጩቱን ተበልቶበታል። በኋላ የአውሮፓ መርከቦች ጥቁሩንና ቡናማውን አይጥ ሲያመጡ ኪዮሬ ራሷ ከአብዛኛው የኒው ዚላንድ ዋና ምድር ተገፍታ ወጣች።

ጥያቄ፦ ከጅማ ወጣ ብሎ እርሻ አለኝ። በጎምቢሳ፣ ማለትም በእግር በቆመ የጭራሮ ጎተራ ያስገባሁትን በቆሎ አይጥ ፈጀብኝ። መርዝ ሳደርግ ጋብ ይሉና ይመለሳሉ። ለነቀዝ የሚሸጠውን ክኒን ጨምርበት የሚሉኝ አሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ክኒኑን ይተዉት። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ መርዘኛ ጋዝ ይለቃል። በጭራሮ ከተሠራ ጎተራ ጋዙ ወዲያው ስለሚያመልጥ አይጡን አይገድልም፤ አጠገቡ የተኛ ሰው ግን ሊሞት ይችላል።

የሚመለሱበት ምክንያት ሁለት ነው። ዚንክ ፎስፋይድን የመሰለ ፈጣን መርዝ ትንሽ ቀምሳ ታማ የዳነች አይጥ ሁለተኛ አትነካውም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት በቀናት ውስጥ ስለሚገድል ይህን ጥርጣሬ አያመጣም፤ እሱም ቢሆን ከልጅና ከከብት በራቀ ዝግ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ሁለተኛው ምክንያት የተረፉት መራባታቸው ነው። እርግዝናቸው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። በፓስፊክ ሄንደርሰን ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሄሊኮፕተር መርዝ ተረጭቶ ጥቂት አስሮች ብቻ ተርፈው ደሴቷን እንደገና ሞሏት። እርስዎ ደግሞ ጎረቤት ማሳ አለዎት፤ መርዝ ብቻውን አይዘልቅም።

ስለዚህ ጎተራዎን እንደ ደሴት ይቁጠሩት፤ መግቢያው እግሩ ነው። በመጀመሪያ ጎተራውን ባዶ ያድርጉና ያጽዱ፤ አለዚያ አይጦቹን ውስጥ ዘግተው ያስቀራሉ። ከዚያ እያንዳንዱን እግር የላሜራ ቆብ ያልብሱት። የጣሪያ ቆርቆሮ አይሆንም፤ ሞገዱ ክፍተት ይተዋል።

ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክብ እግር 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ላሜራ ይቁረጡ። መሀሉን 19 ሳንቲ ሜትር ይብሱት። ብዙ ሰው እንደ እግሩ ልክ 15 ይበሳና ሲያጥፈው 12 ይሆንበታል፤ አይገባም። ከጠርዙ እስከ ቀዳዳው ሰንጥቀው በቆመው እግር ላይ ይጠምጥሙት፤ የክቡን አንድ አምስተኛ ደራርበው በሪቬት ይያዙት። አፉ ወደ ታች ሲዞር በየአቅጣጫው 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይላል። እንዳይንሸራተት ከሥሩ እግሩ ላይ ምስማር ይምቱ፤ በላሜራውና በእንጨቱ መሀል የቀረውን ክፍተት በሲሚንቶ ይድፈኑ። የትንሿ አይጥ ግልገል በ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ታልፋለች።

ከፍታው ዋናው ነው። ትልቅ አይጥ ወደ ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ልትዘል ስለምትችል የቆቡ ታችኛ ጠርዝ ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። የጎተራው እግር አጭር ከሆነ መጀመሪያ እግሩን ያስረዝሙ። ይህ ሁሉ ተሠርቶ መሰላሉ ተደግፎ ካደረ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። የተደገፈ ማገዶና የቡና ጆንያ ክምርም እንደዚያው። የአቮካዶና የማንጎ ቅርንጫፍ ከጎተራው ሁለት ሜትር እስኪርቅ ይቆረጥ። ሲያስገቡም ጆንያውን ደጅ አራግፉ፤ ከማሳ ከአገዳው ጋር የምትመጣ አይጥ አለች።

ወጥመድ ካለዎት የተቆላ ለውዝ አድርገው ሳያጠምዱ ለጥቂት ቀናት ይተዉት፤ አይጥ አዲስ ነገር ትፈራለች። መብላት ስትጀምር ሁሉንም በአንድ ሌሊት፣ ምግቡ ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳ አዙረው ያጥምዱ።

ጥያቄ፦ ሙጭልጭላ ማላመድ ወይስ ድመት?

መልስ፦ ሃዋይ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1883 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ሙጭልጭላ ከጃማይካ አስመጡ። ሙጭልጭላ ቀን ያድናል፣ አይጥ ሌሊት ይወጣል፤ የወፍ እንቁላል መብላት ጀመረና ሁለተኛ ችግር ሆነ። ድመት ትንንሾቹንና ግልገሎቹን ትይዛለች፤ ካደገው ቡናማ አይጥ ጋር ግን ብዙዎቹ ድመቶች አይጋፈጡም። ድመት ካለዎት መርዝ አይበትኑ፤ የተመረዘ አይጥ በልታ ልትሞት ትችላለች።