ግልገሏን ልውሰዳት ወይስ ልተዋት?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር መምህርት ነኝ። የጎረቤቴ ድመት ከወለደቻቸው ግልገሎች አንዷን እንድወስድ ተጠይቄአለሁ፤ አምስት ሳምንት ሆኗታል። ማታ ማታ ብቸኝነት ስለሚሰማኝ፣ አይጥም ስላስቸገረን፣ ልቤ ወዷታል። ሆኖም ቅዳሜና እሑድ ወላጆቼን ለመጠየቅ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ አከራዬም በየጓዳው የአይጥ መርዝ ያስቀምጣሉ። ድመት ለማሳደግ ዝግጁ መሆን አለመሆኔን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ነገሩን ሁሉ የሚወስነውን ጉዳይ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ጠቅሰውታልና ከእርሱ እንጀምር። ደም እንዳይረጋ በማድረግ የሚገድለውን መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ለቀናት እየተዳከመች ትቆያለች፤ እንዲህ የምትንፏቀቀውን አይጥ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ የምትይዛት ድመት ናት፣ መርዙም አብሮ ወደ ሆዷ ይገባል። ስለዚህ ድመትና የአይጥ መርዝ በአንድ ግቢ ሊኖሩ አይገባም። ግልገሏን ከመውሰድዎ በፊት ይህን ለአከራይዎ በአክብሮት ያስረዱ፤ መርዙን አንስተው በወጥመድ ለመተካት ፈቃደኛ ካልሆኑ፣ እያዘንንም ቢሆን የምንመክርዎ እንዳይወስዷት ነው።

ለዚህ ንግግር ጊዜ አለዎት። ግልገል ቢያንስ ስምንት ሳምንት፣ ቢቻል አሥራ ሁለት ሳምንት ከእናቷ ጋር መቆየት ይኖርባታል፤ ስትጫወት አጥብቃ አለመንከስን የምትማረው ከእናቷና ከወንድም እህቶቿ ነው። ከዚህም በላይ የደሴ ሌሊት ብርድ ለብቻዋ ለምትተኛ ትንሽ ግልገል ከባድ ነው፤ በመጣች ጊዜ አሮጌ ጋቢ የተነጠፈበት ካርቶን ያዘጋጁላት እንጂ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አያንድዱላት።

የቅዳሜና እሑዱ ጉዳይ መፍትሔ ያለው ቢሆንም መፍትሔው ሰው ነው። ግልገል በቀን ሦስት አራት ጊዜ መብላት ስላለባት ምግብ አስቀምጦ በር ቆልፎ መሄድ አይቻልም፤ በየሳምንቱ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ማመላለስም ቦታዋን አጥብቃ ለምትወድ እንስሳ ጭንቀት ነው። ቁልፍዎን በእምነት የሚሰጡት ሰው ካለ፣ ምናልባትም ይህችው ጎረቤትዎ፣ ከወዲሁ ያነጋግሩ።

ብዙዎቻችን ያደግነው ለድመት ወተትና ወጥ የነካው እንጀራ ሲሰጥ እያየን ነው። ነገር ግን ወተት ያደገችን ድመት ብዙውን ጊዜ ያስቀምጣታል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሷን ስለሚያጠፉ ወጣችን ለእርሷ መርዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድመት ያለ ሥጋ ጤናዋ አይጠበቅም፤ ከሥጋ ቤት የሚገኝ ቁርጥራጭ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ተቀቅሎ ይሰጣት፣ አይጥ ትይዛለች ተብሎም ምግቧ አይቀነስ። ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ያስፈልጋታል፤ ከስድስት ወር በፊት ልታረግዝ ስለምትችልም ስለ ማምከን የእንስሳት ሐኪም በጊዜ ያማክሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመምህርነትዎ ጋር ተያይዞ ያሳስበናል። በደንብ የተያዘች ድመት አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝውውር ሊመጣ፣ ቤት ሊቀየር ይችላል። ያን ጊዜ ይዘዋት የሚሄዱ መሆንዎን አሁን ይወስኑ።

እስከዚያው ግን ግልገሏ እዚያው ጎረቤትዎ ቤት እያለች፣ በቀሩት ሳምንታት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊትና ማታ ሲመለሱ እየሄዱ እርስዎ ይመግቧት፤ አመድ የተሞላውን የመጸዳጃዋን ሳፋም እርስዎ ይድፉ። ዝናብ የዘነበ ዕለትና የተማሪ ፈተና ሲያርሙ ያመሹ ዕለትም ሳይቀሩ ከሄዱ፣ ይውሰዷት።