የጀመርኳቸውን ሹራቦች ልፍታቸው ወይስ ልጨርሳቸው?

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ሹራብ መሥራት ከእናቴ ተምሬ በትምህርት ቤት የባልትና ክፍለ ጊዜ አጠናክሬዋለሁ፤ ዛሬም ከሥራ መልስ፣ ራት ተበልቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ መርፌና ክሬን ይዤ ካልተቀመጥኩ ቀኑ የተሟላ አይመስለኝም። ለገበያ ሠርቼ አላውቅም፤ የምሠራው ለቤተሰቤና ለወዳጆቼ ስጦታ እንዲሆን ነው። አሁን ግን በእጄ ላይ ያሉት ሥራዎች ከደስታነታቸው ይልቅ ጭንቀት ስለሆኑብኝ፣ ምክርዎን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ።

መጀመሪያ የአባቴን ልንገርዎ። አባቴ የመንዝ ተወላጅ ናቸው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በእኛ አገር ምን ያህል አጥንት ዘልቆ እንደሚገባ ያውቁታል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ በዚያው በመንዝ በእጅ ከተፈተለ ጥቁር የበግ ፀጉር፣ በወጣትነታቸው ይደርቡት የነበረውን በርኖስ የሚያስታውሳቸው ወፍራም ሹራብ ልሠራላቸው ተነሣሁ። ንድፉን የወሰድኩት ለፋብሪካ ክር ተብሎ ከተዘጋጀ መጽሔት ሲሆን፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ 20 ቀለበት (በመርፌው ላይ የሚያዝ የክር ዐይን) እንዲገባ ያዝዛል። የአባቴ ደረት 96 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከሸሚዝ በላይ እንዲለበስ 8 ሴንቲ ሜትር ጨምሬ፣ ለፊቱም ለኋላውም 104 ቀለበት ይዤ ጀመርኩ። በፊተኛው ክፍል ላይ መኻሉን ይዞ የሚወርድ የሽሩባ ንድፍ በራሴ ሐሳብ ጨመርኩበት። ሁለቱ ክፍሎች አልቀው ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን አንድ አልሆኑም፤ የኋላው 58 ሴንቲ ሜትር ሲሰፋ፣ የፊቱ 53 ብቻ ነው። ክሩም ካሰብኩት በላይ ስለሄደብኝ፣ የቀረው ለሁለት እጅጌ መብቃቱን እጠራጠራለሁ።

ልቤን የሰበረው ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ወንድሜ አዳማ ነው የሚኖረው። ሴት ልጅ ሲወለድለት ከውጭ ከመጣ ለስላሳ የሱፍ ክር ነጭ ሹራብ ከነቆቡ ሠርቼ ላክሁ፤ ሚስቱም በስልክ በጣም አመሰገነችኝ። ልጃቸውን ልጠይቅ ስሄድ ግን ሹራቡ ከሌላው ልብስ ጋር በሙቅ ውኃ በማሽን ታጥቦ፣ ተኮማትሮና ጠንክሮ፣ የቀለበቶቹ መልክ እንኳን የማይለይ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ አየሁት። የወንድሜ ሚስት «ጠበባት» ብላ አለፈችው። ከዚያ ወዲህ ለሕፃኗ የጀመርኩትን ብርድ ልብስ ማንሣት አቅቶኛል። ልጅቱ አሁን ስድስት ወር ሆኗታል።

ዱባይ ለምትሠራው ታናሽ እኅቴም ከቀጭን የጥጥ ክር፣ ዳንቴል የመሰለ ቀዳዳ ንድፍ ያለው የትከሻ ልብስ ጀምሬያለሁ፤ እርሱም አንድ ቀለበት በወደቀብኝ ቁጥር ረድፉን እየፈታሁ ስመለስ እንደቆመ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼና የዕድር ጓደኞቼ «ክሩን እኔ ልግዛ፣ አንቺ ብቻ ሥሪልኝ» ይሉኛል። እምቢ ብል ስስታም እባላለሁ፣ እሺ ብል የጀመርኩትን አልጨርስም።

የአባቴን ሹራብ በሙሉ ልፍታው? ለወንድሜ ልጅስ ሌላ ነገር መሥራት ይገባኛል? ለሌሎቹ ጠያቂዎችስ ምን ብዬ ልመልስ?

ከአክብሮት ጋር፣
መርፌ ከእጇ የማይለይ፣ ከደብረ ብርሃን

*

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ በጣም ደስ ያለኝ፣ ስለ ሥራዎ ሲጽፉ ልኬቱን ጭምር በዝርዝር ስላስቀመጡልኝ ነው፤ እነዚህ ቁጥሮች ባይኖሩ ኖሮ ከማጽናናት አልፌ አንድም የሚረባ ነገር ልልዎ አልችልም ነበር። አሁን ግን በእርግጠኝነት የምነግርዎ አለ፦ የአባትዎን ሹራብ በሙሉ መፍታት አያስፈልግዎትም። የሚፈታው የኋላው ክፍል ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በእንዝርት የተፈተለ የመንዝ ክር ከፋብሪካው ክር ስለሚወፍር፣ መጽሔቱ 20 ቀለበት በሚለው 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የእርስዎ እጅ የሚያስገባው 18 ቀለበት ነው፤ 104 ቀለበት 58 ሴንቲ ሜትር የወጣውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ፊተኛው ክፍል በቀለበት ቁጥር ከኋላው እኩል ሆኖ ሳለ የጠበበው ደግሞ ሽሩባው ስለሰበሰበው ነው፤ ቀለበቶች እርስ በርስ እየተሻገሩ ሲጠላለፉ ጨርቁን ወደ ጎን ይስቡታልና፣ ሽሩባ ያለበት ክፍል ሁልጊዜ ከለስላሳው ይጠባል። እርስዎ የሚፈልጉት ጠቅላላ ዙሪያ 104 ሴንቲ ሜትር ነው። የፊቱ 53 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎንና ከጎን ለስፌት የሚገባው ሲቀነስለት፣ ወደ 52 ይወርዳል፤ ይህ ማለት ያ የደከሙበት ሽሩባ እንዳለ ይቀመጣል ማለት ነው። ኋላውን ግን ፈትተው በ94 ቀለበት፣ ለስፌት አንድ አንድ ከዳርና ከዳር ጨምረው በ96 ይጀምሩት፤ ልክ 52 ሴንቲ ሜትር ይሰጥዎታል።

ስምንቱ ቀለበት በእያንዳንዱ ረድፍ ሲቀነስ ክርም ይተርፋል። የተፈታው ክር ተጠቅልሎ ስለሚወጣ እንዲሁ አይሥሩበት፤ በወንበር ጀርባ ላይ ጠቅልለው፣ አራት ቦታ ላላ አድርገው አስረው፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ሳያሹ ጨምቀው፣ ከታች ቀላል ነገር አንጠልጥለው በጥላ ያድርቁት፤ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ኋላውን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ የተረፈውን ክር ሁለት እኩል ቦታ በሚዛን ይክፈሉና ሁለቱን እጅጌ በአንድ ረጅም መርፌ ላይ ጎን ለጎን አድርገው፣ እያንዳንዱን በየራሱ ልቃቂት፣ በአንድ ጊዜ ይሥሯቸው። እንዲህ ሲሠሩ እጅጌዎቹ እኩል ርዝመት ይኖራቸዋል፤ ክሩም ካነሰ ሁለቱም እኩል ያጥራሉ እንጂ አንዱ ሙሉ ሌላው ጎዶሎ አይሆንም። ከክርን በታች የሚደርስ ካልሆነ ሳይቆጩ እጅጌውን ይተዉትና ሰደሪያ ያድርጉት። የመንዝ አባት በሰደሪያው ላይ ጋቢውን ሲደርብ ውርጩን ይችላል።

ስለ ክሩ አንድ ነገር ልጨምር። የመንዝ በግ ፀጉር ሸካራ ነው፤ ባና ተሠርቶበት ብርድን የሚመክተውም በዚሁ ባሕርይው ነው፤ ነገር ግን ያረጀ የአንገት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ይኮሰኩሳል። አባትዎ ያሳክከኛል ብለው አይነግሩዎትም፤ ልጃቸው የሠራችውን አወድሰው ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል። ስለዚህ የአንገቱን ጠርዝ በለስላሳ ጥቁር የጥጥ ክር ይጨርሱት፣ ወይም ከውስጥ በኩል በቀጭን የጥጥ ጨርቅ ይልበጡት። ሹራቡን ያለ ሥጋት የሚለብሱት በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ አዳማው ጉዳይ እሻገራለሁ፤ ምክንያቱም የሁለቱ መሠረት አንድ ነው። ስጦታ የሚሆን ሹራብ ክሩ ከመገዛቱ በፊት ለባሹ የት እንደሚኖር፣ ምን ላይ እንደሚደርበው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን፣ በምን ሁኔታ እንደሚያጥብለት መታሰብ አለበት። ለአባትዎ ይህን አስበዋል፤ አገሩን፣ ብርዱን፣ ትዝታቸውንም ጭምር። ለሕፃኗ የመረጡት ክር ግን፣ ውበቱና ልስላሴው የማይካድ ቢሆንም፣ ሕፃን ካለበት ቤት የልብስ ማጠቢያ ጋር የሚስማማ አልነበረም። የሱፍ ክር እያንዳንዱ ፀጉር በዓይን በማይታዩ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ ይከፈቱና እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ከተያያዙም በኋላ የሚያላቅቃቸው የለም። በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሱፍ አለ፤ በመጠቅለያ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ያልተጻፈበት ሁሉ ግን ለብ ባለ ውኃ፣ በእጅ፣ ሳይታሽ የሚታጠብ ነው።

ሌሊት ለሕፃን እየተነሣች፣ የልብስ ክምር የሚጠብቃት እናት ይህን ካልነገሯት ልታውቀው አትችልም። የወንድምዎ ሚስት «ጠበባት» ስትል ያለፈችው፣ እኔ እንደማምነው፣ ስላፈረች ነው፤ ስጦታውን ብትንቀው ኖሮ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ባላኖረችው ነበር። ስለዚህ መሥራትዎን አያቋርጡ፤ ክሩን ይለውጡ እንጂ። አዳማ ከደብረ ብርሃን ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሞቃት ከተማ ስለሆነ፣ ለዚያ የሚስማማው ጥጥ ነው፤ በየቀኑ ቢታጠብ አይጎዳም፣ ላብም ይመጥጣል። አክሪሊክም በቀላሉ ይታጠባል፤ ነገር ግን ካውያ ሲነካው ቅርጹን አጥቶ ይልፈሰፈሳልና ይህን አብረው ይንገሯት። ሲሰጡ በትንሽ ወረቀት ላይ የሚታጠብበትን መንገድ ጽፈው፣ ከዚያው ክር ጥቂት ለመጠገኛ አያይዘው ቢያስቀምጡበት፣ ያለምንም ወቀሳ ነገሩ ይስተካከላል።

የተኮማተረውን ሹራብ ግን እንዳትጥሉት። እንዲህ የተያያዘ ሱፍ በመቀስ ሲቆረጥ አይተረተርም፤ ስለዚህ ከጀርባው ለልጅቷ የምትድህበትን ጫማ ሶል፣ ከእጅጌው የጫማውን ገበር አውጥተው በእጅ ሊሰፉት ይችላሉ።

ብርድ ልብሱን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። የሕፃናት ሐኪሞች ልጅ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በሚተኛበት ቦታ ያልታሰረ ብርድ ልብስ፣ ትራስም ሆነ ቆብ እንዳይኖር ይመክራሉ፤ ፊቱን ሸፍኖ ትንፋሽ ሊከለክለው ይችላልና። የጀመሩት ብርድ ልብስ ነቅታ ስትጫወት ወለል ላይ የሚነጠፍላት፣ ዓመት ሲሞላትም የምትለብሰው ይሁን። ንድፉ ቀዳዳ ከበዛበት ጣቷ እንዳይያዝ ጠበቅ አድርገው ይሥሩት፤ የሚንጠለጠል ጥብጣብና በቀላሉ የሚነቀል ቁልፍ አያድርጉበት።

የዱባይዋ እኅትዎ የትከሻ ልብስ ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ምርጫ ነው። ውጩ እንዲያ ሲያቃጥል ቢሮውና ሱቁ በማቀዝቀዣ የሚበርድበት ከተማ ስለሆነ፣ ቀላል የጥጥ ልብስ በቦርሳዋ ይዛ የምትዞረው ነው። ለመፍታት መመለሱን የሚያስቀርልዎ ደግሞ ይህ ነው፦ ንድፉ አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር ሌላ ቀለም ያለው ቀጭን፣ ለስላሳ ክር በመርፌ አድርገው መርፌው ላይ ባሉት ቀለበቶች ሁሉ ውስጥ ያሳልፉና እዚያው ይተዉት። በኋላ ቀለበት ቢወድቅብዎ፣ ሲፈቱ ያ ክር ባለበት ረድፍ ላይ ይቆምልዎታል፤ ቀለበቶቹም አንድ ሳይቀር ተሰልፈው ይጠብቁዎታል። ሥራው ሲያልቅ ክሩን ስበው ያወጡታል።

በቅደም ተከተል የአባትዎ ይቅደም፤ ውርጩ ቀጠሮ አይሰጥም። የእኅትዎ ወደ ዱባይ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ይደርሳል፤ የሕፃኗ ብርድ ልብስ ደግሞ እንደነገርኩዎ እስከ ልደቷ ጊዜ አለው።

ወደ ጠያቂዎችዎ ስመጣ፣ «ክሩን እኔ ልግዛ» የሚል ሰው በቅንነት ነው የሚናገረው፤ ከሹራብ ውስጥ ትንሹ ነገር ክሩ መሆኑን፣ ቀሪው ከእንቅልፍዎና ከዓይንዎ የሚወጣ መሆኑን ግን አያውቅም። «ይህን የምሠራው ለቤተሰቤ ብቻ ነው፣ ለእነርሱም ገና አልጨረስኩም» ብለው በግልጽ ይንገሯቸው፤ የያዙትም ሥራ ይህንኑ ይመሰክርልዎታል። «ሲመቸኝ አያለሁ» የሚለውን መልስ ግን ለማንም አይስጡ፤ ጠያቂው እንደ ቃል ኪዳን ይዞት ይሄዳል፣ እርስዎም ባገኙት ቁጥር ይሳቀቃሉ። ከመካከላቸው ለሥራው ልባዊ ፍላጎት ያላት ካለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የገዛችውን ክርና ሁለት መርፌ ይዛ ቤትዎ እንድትመጣ ይጋብዟት። በቡና መኻል መጀመሪያ የአንገት ልብስ፣ ቀጥሎ ቆብ፣ እያሉ ቢያስተምሯት፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምትጠይቅዎት «ሥሪልኝ» ብላ ሳይሆን «እዚህ ጋ እንዴት ልቀንስ?» ብላ ነው።

አክባሪዎ፣
የአምዱ አዘጋጅ